ደረቱ ላይ የታሰረው ካሜራ

እኔ ጂን አለ፣ ውቃቢ አለ ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ብየዳ ነው፣ የማምነው የጨበጥኩትን ነው፣ ይህን ግን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ መልካ ወረር፣ የጥጥ እርሻው ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ከአዋሽ ወደ ቦዩ ውሃ የሚያስገባው የብረት በር ከሥር የሆነ ነገር ይዞት አልከፈት አለ፣ ጥጡ ጠወለገ፣ ከአሰብ መሐሪ የሚባል ጠላቂ መጣ። በሩን ምን እንደያዘው ፎቶ እንዲያነሳ፣ ለካሜራው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ሥራ ተባልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር፣ የት አባቱ። ሣጥኑ ሲቀል ይንሳፈፋል፣ እንዲከብድ የእርሳስ ብረት ስጨምርበት ሰውየውን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ መብራቱን ከካሜራው ሳስጠጋው ደለሉን ብቻ ያበራል፣ በረጅም ክንድ ሳርቀው ደግሞ የውሃው ጉልበት ይጠመዝዘዋል። መሐሪ "ወንድሜ፣ ፎቶው ቢደበዝዝ ይደብዝዝ፣ እኔ እጆቼን እፈልጋቸዋለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከነመብራቱ፣ ከነእርሳሱ ደረቱ ላይ በብሎን አሰርኩለት፣ ያለ እኔ መፍቻ አይፈታም።

ወረደ፣ እኔ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዤ ዳር ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ቆም እያለ። ሲወጣ "በሩን ትደበድብ ነበር እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው "አንተ መስለኸኝ፣ ከላይ" አለኝ።

ፊልሙን አዋሽ ከተማ ፎቶ ቤት ያለው የወሎው ሰው፣ ሰይድ፣ አጠበልን። ሁሉም ድፍርስ ነው፣ አንዱ ሲቀር። እሱ ላይ ውሃው ጥርት ብሏል፣ መሐሪ ራሱ ፊት ለፊት ይታያል፣ ደረቱ ላይ የኔው ሣጥን አለ፣ ገመዱ በበሩ ብረት ላይ ተጠምጥሟል።

"ወላሂ፣ ሌላ ካሜራ ነበራችሁ?" አለ ሰይድ።

"አልነበረንም" አለ መሐሪ፣ "ገመዴም አልተጠመጠመም።"

ፎቶውን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

በነጋታው በሩን የያዘውን ነገር በእጁ ዳብሶ ሊያላቅቅ ግድ መውረድ ነበረበት፣ ጥጡ አይጠብቅም። ደግሞ ፎቶ ያንሳ ተባልኩ፣ እኔ ግን ሣጥኑን ከነእርሳሱ አላሰርኩለትም፣ በምትኩ ክንዱ ላይ ቢላዋ አሰርኩለት። እንደወረደ ገመዱ ተወጠረ፣ ብስበው እምቢ አለ፣ እግዜር ያውቃል እንዴት እንደጨነቀኝ። ኋላ ገመዱን ቆርጦ ብቅ አለ።

"ልክ እንደ ፎቶው ነው የተጠመጠመው" አለኝ እያለከለከ፣ "እርሳሱ ደረቴ ላይ ቢሆን አልወጣም ነበር።"

በሩን የያዘው የግራር ግንድ ነበር፣ ተነቀለ፣ ጥጡም ጠጣ። ፎቶው እስከዛሬ እኔ ጋ አለ። ያዳነን ይሁን አድፍጦ የጠበቀን አላውቅም፣ ግን እዚያ ታች ፊት ለፊቱ ቆሞ ያነሳው ማነው?