ያልተሰበረው መስታወት

ጠዋት ፓምፑን ሊያስነሳ ወደ ጉድጓዱ የወረደው ዘበኛ መጀመሪያ ያየው አንድ ቢጫ ቦት ጫማ ነበር። «ደግሞ ይኼ የማን ዝርክርክ ነው?» እያለ ሊያነሳው ቢጎትተው ጫማው እግር ነበረበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ አያስታውስም። ያዩት ግን ሦስት ፎቅ የሚያህለውን ዳገት እየጮኸ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ወጣው ይላሉ።

ጉድጓዱ የሚቆፈረው ለአርባ ብሎክ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። አፋፉ ላይ ከድሮው ሰፈር የተረፉ ሰባት ቤቶች ቆመዋል። ሟቿ የፕሮጀክቱ የአካባቢና የማኅበረሰብ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነበረች፤ አቧራውን፣ ጩኸቱን፣ የከርሰ ምድር ውሃውንና የነዋሪውን ቅሬታ የምትከታተል። ሰፈሩ ይህን ሁሉ ማዕረግ ትቶ «የግድግዳ ሐኪሟ» ይላት ነበር። በተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ቀጭን መስታወት አጋድማ ጫፍና ጫፉን በጄሶ ታጣብቃለች፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። መስታወት ከተሰበረ ቁፋሮ ይቆማል፣ ሰው ይወጣል። ደንቡ ይኸው ነው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ከአፋፉ ቤቶች የአንዱ ልጅ የሆነ ሾፌር በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

«ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ዝቶባታል» አለ የያዘው ፖሊስ። «"ሁለተኛ በዚህ ግድግዳ አጠገብ ባይሽ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የምከትሽ" ብሏታል። ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ ተገኘች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ለምን ዛተባት?»

ፖሊሱ ወደ መኪናው ዞር አለ። አልጠየቀማ! ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት በከንቱ አልነበረም።

ወደ ሬሳው ወረደች። ሟቿ ቀኝ እጇን እንደጨበጠች ነው፤ ጭብጧ ውስጥ ክዳኑ የተነሳ እስክርቢቶ አለ። ከእጇ የማይለየው ደብተር ግን የለም። ከአመልካች ጣቷ ጥፍር ሥር ነጭ ነገር ገብቷል። ኢንስፔክተሯ የለሳኝ ልጅ ናት፤ ጄሶን ከኖራ በጣቷ መለየት የተማረችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። ነጩን ነገር በጣቶቿ መካከል አሸችው። ጄሶ ነው፤ እርጥበቱም ገና አልለቀቀውም።

ወደ አፋፉ ስትመለስ ከቤታቸው በር ላይ የሾፌሩ እናት ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ቆመዋል።

«ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ? እሱ እኮ ዶሮ ሲታረድ የሚሸሽ ነው!»

«እማማ፣ ከሟቿ ጋር ምን አጣላው?»

«ግድግዳው ሊወድቅብሽ ነው፣ ተነሽ እንውጣ ይለኛል። እሷ ደግሞ መስታወቶቹን አሳየችው፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። "መስታወትሽ ውሸታም ነው፣ እናቴን ልታስገድያት ነው!" ብሎ ጮኸባት። አፉ ነው እንጂ ልቡ አይደለም።»

«እርስዎስ? ግድግዳው ሲንቋቋ አልሰሙም?»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ሰምቼስ? እስከ ዓርብ ነው። ዓርብ ቆጠራ አለ። ዓርብ ቤቱ ውስጥ የተገኘ ከአዲሱ ሕንፃ ይደርሰዋል፣ ያልተገኘ ቀረ። ተከራዮች ነን ልጄ፤ ካርታ የለን፣ ምን የለን። ያለን መገኘት ብቻ ነው።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ኢንስፔክተሯ በጓሮ ዞራ ግድግዳውን አየችው። ስንጥቁ እጅ ያስገባል ለማለት ምንም አይቀረው። በላዩ ሦስት መስታወቶች ተጋድመዋል፤ ሦስቱም ላይ ያለፈው ወር ቀን ተጭሯል፤ አንዳቸውም አልተሰበሩም። ላይኛውና ታችኛው ላይ አቧራው ዝናብ አጨቅይቶት ደርቋል። መካከለኛው ግን የሁለት ቀን አቧራ እንኳ በቅጡ አልያዘም፤ ከሁለቱም ወፈር ይላል። በአንዱ ጫፍ ጄሶው ተጭሯል። እሷም ጥፍሯን ብታስገባ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ አገኘችው።

የመሐንዲሱ ቢሮ ከግንባታው ግቢ በር አጠገብ ነው። ሰውየው ሦስት ስልክ ደርድሮ ሦስቱንም እያየ አንዱንም አያነሳም።

«ይህ ሳጥን ምንድን ነው?» አለች፣ ከጠረጴዛው ጥግ ያለውን ክፍት ካርቶን እያሳየች።

«የእሷ መስታወቶች ናቸው። ቦታዬን እንደያዘችብኝ ሄደች።»

«አይቆለፍም?»

«መስታወት ማን ይሰርቃል? እዚህ የምንገባው እኔ፣ እሷና ዘበኛው ነን። ነዋሪ ከበሩ አያልፍም፤ ትእዛዝ ነው።»

አንዱን አነሳች። እንደ ወረቀት ስስ ነው። «አፋፉን የሚደግፈው ግንብስ መቼ ይሠራል?»

«በሚቀጥለው ወር።»

«እሷስ ስትጠይቅዎ ምን ይሏት ነበር?»

መሐንዲሱ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «በሚቀጥለው ወር እላታለሁ። አራት ጊዜ ጽፋልኛለች፣ አራቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ሥራው ከቆመ የምባረረው እኔ ነኝ። ግን አልገደልኳትም።»

ቀጥሎ የሄደችው ወደ ነዋሪዎቹ ተጠሪ ቤት ነበር። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል። የማን በር እንደተጣመመ፣ የማን ልጅ እንደታመመ ሳይጠየቁ ያውቃሉ። ወንበር ጎተቱላት።

«ዛሬ ጠዋት አይተዋታል?»

«አላየኋትም። እንደ ልጄ ነበረች እኮ። አይ የእኛ ነገር! ሕንፃው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብን ሳለ አሁን ደግሞ ሬሳ ተጨመረበት።»

ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። «ባለቤትዎ ናቸው?»

«ነፍሷን ይማር። አሥራ አንድ ዓመቷ።»

ኢንስፔክተሯ የሙሽሪትን ፊት ካለበሰው አቧራ ላይ አውራ ጣቷን አሳለፈች። ጣቷ ያረፈው ወረቀቱ ላይ ነው። ቃላቸውን የጻፈችበትን ወረቀት እንዲፈርሙ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ፤ ሲያጡት «የት ልፈርም?» አሉ።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ከግድግዳው ራቅ ብለው ቆሙ፤ መሐንዲሱ፣ ዘበኛው፣ እናትና ካቴና ያጠለቀው ልጃቸው፣ አናጢው፣ የሰባቱ ቤት ሰው በሙሉ።

«ሾፌሩን ፍቱት» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እንዴት ተብሎ?» አለ ፖሊሱ።

«ስሙኝ። ይህ ልጅ የተጣላት ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ብሎ ነው፤ እሷም መስታወቱን አምና አላመነችውም። ዛሬ ጠዋት ግን ነገሩ ሲከነክናት ተመልሳ መጣች። መካከለኛውን መስታወት ጫረችው፤ ጄሶው ከጥፍሯ ሥር ተገኝቷል። አንድ ወር የቆየ ጄሶ እርጥብ አይሆንም። ግድግዳው መሀሉ ላይ ሲያብጥ ይህኛው ብቻ ተሰብሮ ነበር፤ አንድ ሰው ለውጦ የድሮውን ቀን ጫረበት። ሾፌሩ እናቱን ሊያስወጣ ሲታገል የሰነበተ ሰው ነው። ግድግዳው መንቀሳቀሱን እሱ ምን ሊያደርግ ይደብቃል?»

«መሐንዲሱ ነዋ!» አለ አንድ ድምፅ ከሕዝቡ። ጉምጉምታው ተነሳ።

«እኔም እሱን አስቤ ነበር። ግን የእሷ መስታወቶች ጠረጴዛው ላይ ክፍት ተቀምጠዋል። እሱ ወይም ዘበኛው ቢሆኑ ከዚያ አንድ አንስተው ይለጥፉ ነበር፣ ማንም አይለየውም። ይህኛው ግን ወፍራም ነው፤ በመቁረጫ የተቆረጠ የፎቶ መስታወት ነው። የለጠፈው ሰው ቢሮ መግባት የማይችል፣ መስታወት መቁረጥ ግን የሚያውቅ ሰው ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባባ፣ የባለቤትዎ ፎቶ መስታወት የት ሄደ?»

ሽማግሌው አልካዱም። እንዲያውም ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸው ረገበ።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ልጄ። እሑድ ማታ ተሰብሮ አገኘሁት። አምስት ቀን ናት የቀረችን። ይህን ሁሉ ሰው ለአምስት ቀን ብዬ ሜዳ ላይ ልበትነው? ለወጥኩት። ዛሬ ጠዋት ስትጭረው ደረስኩባት። ዓርብን ብቻ እለፊልን ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። እየጻፈች ነበር። "ቆይ አባባ፣ ይኸው ያንብቡት" ብላ እየጻፈች ደብተሩን ወደ እኔ ዞር አደረገችልኝ። መነጽሬን አልያዝኩ፣ ምኑን አነበዋለሁ! የመውጫችን ትእዛዝ ነው ብዬ ነጠቅኳት፤ ልትይዘኝ ስትል ገፋኋት። አፋፉ ላይ መሆናችንን…»

ሾፌሩ የተፈታ እጁን እያሸ ቀረባቸው። «እኔ ታስሬ ዝም አሉኝ? መጋዝ ያስያዙኝ እርስዎ፣ ዝም አሉኝ?»

«ዝም አልኩህ» አሉ አናጢው። እንባቸው ፂማቸው ላይ ይወርዳል። «ዓርብ ማታ እጄን ልሰጥ ነበር። አታምነኝም፣ አትመነኝ።»

ደብተሩ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ወጣ። እንዳልከፈቱት ማሉ፤ እንዴት ብለው ይክፈቱት? ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች፦

«መካከለኛው መስታወት ተቀይሯል። ግድግዳው ተንቀሳቅሷል። ሰባቱም ቤቶች ዛሬውኑ ይለቀቁ። ነዋሪዎቹ ለደኅንነታቸው ሲባል የወጡ ስለሆነ ዓርብ በየቤታቸው እንደተገኙ ተደርገው ይቆጠሩ። ለዚህም እኔ…»

ሌላ የለም። ከ«እኔ» ቀጥሎ እስክርቢቶው ገጹን ሰንጥቆት አልፏል።

አናጢው ከቆሙበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከሴቶቹ አንዷ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች። የሞተችው የእነሱው ሰው ነበረች፤ ይህን ያወቁት ከሞተች በኋላ ነው።

«ይሠራል?» አሉ የሾፌሩ እናት ወደ መሐንዲሱ ዞረው። «ጽሑፏ ይሠራል?»

መሐንዲሱ ደብተሩን አየው፤ እግሩንም አየ። «ፊርማ የለውም። ያለ እሷ ፊርማ ቆጣሪዎቹ አይቀበሉም።»

«እነዚያን አራት ደብዳቤዎች ለፍርድ ቤት ሲያስረዱ ይህንንም ያስረዳሉ» አለችው ኢንስፔክተሯ። ወደ ሕዝቡ ዞረች። «አሁን ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ዛሬ።»

«አንወጣም!» አሉ እናቲቱ። «ሦስት ቀን ነው! ቢወድቅም ውስጡ እንዳለን ይውደቅብን!» የበራቸውን መቃን ሁለት እጃቸውን ጠምጥመው ያዙ። ልጃቸው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቆ እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣቸው፤ እሳቸው ትከሻውን በቡጢ ይደበድቡታል፣ እሱ ያለቅሳል።

ኢንስፔክተሯ በፖሊስ መኪናው ኮፈን ላይ ወረቀት ዘረጋች። «ሁላችሁም የዚህ ግድያ ምስክሮች ናችሁ። የምስክር አድራሻ መመዝገብ አለበት። ትናንት ማታ በየትኛው ቤት፣ ስንት ሆናችሁ እንዳደራችሁ እየተሰለፋችሁ ንገሩኝ።»

«ይህስ ይጠቅመናል?» አላት ሾፌሩ።

«አላውቅም። መዝገብ ነው፤ ፊርማዬ አለበት። ከዚህ በላይ የምሰጣችሁ የለኝም።»

ተሰለፉ። ፍራሽ የተሸከመው ፍራሹን እንደተሸከመ፣ ሕፃን ያዘለችው እንዳዘለች። እሷ እየጠየቀች ስትጽፍ ከመኪናው የኋላ ወንበር፣ ከተከፈተው መስኮት፣ የአናጢው ድምፅ ይመጣል።

«ሦስተኛው ቤት አምስት አይደሉም፣ ስድስት ናቸው። አራስ አለች፤ ሕፃኑን ደንግጣ ረስታው ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አምስተኛው ቤት ሴትየዋ ሆስፒታል ናት፤ እንዳትረሻት።»

ስድስቱን ቤቶች ጻፈች። አንድ መስመር ቀረ። በካቴና የታሰሩትን እጆቻቸውን እንጂ ፊታቸውን ማየት አልሆነላትም።

«የእርስዎስ ቤት፣ አባባ?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ቤታቸው በር አዩ።

«ባዶ ነው ብለሽ ጻፊ» አሉ።

እንዳሉት ጻፈች።