አረንጓዴው የለቅሶ ፎቶ

ፎቶ አንሺው ኢሳቅ መርሳ ከተማ ባለው ፎቶ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ የተመታበት የካሜራ መቆሚያ ብረት አጠገቡ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር መቅደላ ከወልድያ ስትደርስ ሳጅን ታደሰ ሠራተኛዋን ሳሚራን አስሮ ጨርሷል። ከምሳ ተመልሳ ሬሳውን አይታ የጮኸችው ልጅ፣ በመጮኋ ታሰረች። መቅደላ ጥርሷን ነከሰች።

የኢሳቅ ሸሪክ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ውቤ፣ ቃሉን ለመስጠት አልዘገየም።

«ለምሳ ስወጣ ደህና ነበር። የእትዬ አልማዝን እናት የለቅሶ ፎቶ ዓይኔ እያየ አተመና ‹አድርስላቸው› አለኝ። ከዚያ በኋላ የገባችው ሳሚራ ብቻ ናት።»

«ራሱ ነው ያተመው?»

«ራሱ።»

እትዬ አልማዝ ለቅሶ ቤት ፎቶውን በጀርባው ገልብጠውት ነበር።

«ነፍሱን ይማረውና ኢሳቅን ምን በደልሁት? ጥቁርና ነጭ ብዬ አዝዤ እናቴን አረንጓዴ አርጎ ላከልኝ። ለቀስተኛ ፊት እንዴት ልያዘው?»

መቅደላ ወደ ብርሃን አዞረችው። የአሮጊቷ ጉንጭ የሻገተ ዳቦ መስሏል። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያየቻቸው የኢሳቅ ሥራዎች ግን ጥርት ያለ ግራጫ ነበሩ። ቀጥታ ጣቢያ ሄደች።

«ወላሂ ይሄ የኢሳቅ እጅ አይደለም፤» አለች ሳሚራ፣ ዓይኗ አብጦ። «ኮምፒውተሩ ቀለሙን ካስተካከለ የፕሪንተሩ ማስተካከያ መዘጋት አለበት። ሁለቱም ከነካኩት ግራጫው አረንጓዴ ይሆናል። በየኅትመቱ ራሱ ተመልሶ ይከፈታል፤ ኢሳቅ በየኅትመቱ ይዘጋዋል። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ከውቤ ጋር ሰላም ነበሩ?»

«የት ሰላም አለ። ለሰርግ ፎቶ የመጡ ሙሽሮችን ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። ውቤ ፎቶውን ሰርቆ ለጓደኞቹ በስልክ ሲልክ ኢሳቅ ደረሰበት። ለአባቶቻቸው እነግራለሁ አለው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መቅደላ በንዴት በሩን በርግዳ ወጣች። ወዲያው ሳሚራን፣ ውቤን፣ እትዬ አልማዝንና ሳጅኑን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ውቤ፣ ኢሳቅ ሲያትም ቆመህ አይተሃል። እስኪ እንዳየኸው አትምልን።»

ውቤ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። የአሮጊቷን ፎቶ ከፈተ፣ ጥቁርና ነጭ አደረገው፣ ‹አትም› የሚለውን ተጫነ። ወረቀቱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«የፕሪንተሩን ማስተካከያ አልዘጋህም፤» አለች መቅደላ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ። «ኢሳቅ ቢሆን ይዘጋው ነበር። ሳሚራም ብትሆን። እትዬ አልማዝ እጅ የገባውን ያተመው የማያውቅ ሰው ነው፤ ይዞት የወጣውም አንተ ነህ። ታዲያ ኢሳቅ ሲያትም አየሁ ብለህ ለምን ዋሸህ? ያን ጊዜ ሞቶ ነበራ። ሬሳው አጠገብ ተቀምጠህ የሟች ፎቶ አተምህ፣ ‹ስወጣ በሕይወት ነበር› ለማለት። ወንጀሉን ይቺ ልጅ ላይ ልትጥል።»

«ስሜን ሊያጠፋ ነበር፤» አለ ውቤ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«የሴቶቹን ስም ማን አጠፋ?»

መቅደላ ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ማሰር ትወዳለህ፤ ያውልህ። መጀመሪያ ግን ልጅቷን ይቅርታ ጠይቅ፣ እኛ እየሰማን።»

ጠየቀ። ሳሚራ ቀና ብላም አላየችው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማስተካከያውን ዘጋችና አተመች፤ አሮጊቷ በግራጫ ወጡ። እትዬ አልማዝ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም።

«የእሱንስ ማን ያትምለታል፣ ልጄ?»

ሳሚራ የኢሳቅን ፎቶ ከፈተች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ እንዳስተማራት መጀመሪያ ማስተካከያውን ዘጋች።