ለተጠቀሰ ቃል ዋስ

ሙታን የሚመሰክሩት ከሰዓት በፊት ነው። ከምሳ በኋላ ማሽኑ ስለሚግል ማንም አይጠራቸውም። የጥላ ከተማ ሰው ይህን ከለመደ ቆይቷል፤ ቀጠሮው ከሰዓት የደረሰበት አመልካች «ምነው ሙታኑ ቢነሡልኝ!» እያለ ያማርራል።

ጥላ ከተማ ቆላው ላይ፣ ፀሐይን በሚከልል ግዙፍ ሸራ ሥር ያለች ከተማ ናት። እዚያ ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ስለ ራሱ የማመልከቻ ጽሑፍ ያቀርባል። ጽሑፉ ውስጥ የሌላ ሰው ንግግር ከጠቀሰ ግን ዋስ ይጠየቃል። የተበደረው ቃል ነዋ! ዋሱም ቃሉን የተናገረው ሰው ራሱ ነው፤ ያውም የሞተ ከሆነ ብቻ፤ በሕይወት ያለ ለወዳጁ ሊዋሽ ይችላል ተብሎ አይታመንም። ሰውየው በሕይወት ሳለ የተቀረጸው ድምፁ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሲጠይቁት እሱን ሆኖ የሚመልስ ማሽን ተሠርቷል። «ድምፀ ቅሪት» ይሉታል፤ ከሰውየው የቀረው ድምፅ ለማለት ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ዓለሙ የጥቅስ መርማሪ ናቸው። እንጀራቸው መጠርጠር ነው። ጎረቤቶቻቸው «ትርንጎን ደህና አደሩ ብትላቸው ‹ማን እንዳለው?› ይሉሃል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፊታቸው የተቀመጠችው ምንታምር የምትባል ልጅ ነበረች። ሕክምና ለመማር ነው ያመለከተችው። ጽሑፏ ውስጥ ሸራውን ያስዘረጉትን የሟቹን የኢንጂነር ዘርይሁንን ቃል ጠቅሳለች፦ «ከተማ ማለት ለማናውቀው ሰው የምንዘረጋው ጥላ ነው።» አደባባዩ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ፣ ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው ቃል ነው። አምና ስንቱ አመልካች ጠቅሶት ኢንጂነሩ «አዎ፣ የኔ ነው» ብለው አሳልፈውታል።

ትርንጎ ለወጉ ያህል ጠየቁ። «ኢንጂነር፣ ይህ ቃል የእርስዎ ነው?»

«አይደለም» አለ ድምፁ።

ትርንጎ መነጽራቸውን አወለቁ። ደግመው ጠየቁ። «አይደለም» አለ ደግሞ።

ዋሱ የካደው አመልካች የዩኒቨርሲቲው በር ለዘለዓለም ይዘጋበታል፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ግን አልጮኸችም፤ አልደነገጠችም፤ አንገቷን ብቻ ደፋች። ትርንጎን ከሁሉ የከነከናቸው ይሄ ነው።

«ማሽኑን ነካክተሽዋል?»

«እኔ? እትዬ፣ እኔ የገዛ ስልኬን መክፈቻ ቁጥር እንኳ ረስቼ የማለቅስ ሰው ነኝ።»

ትርንጎ ጥገና ክፍል ደወሉ። ማሽኑ ደህና ነው ተባሉ። አዲስ ነገር ቢኖር፣ ባለፈው ሳምንት የኢንጂነሩ ልጆች ቤት ውስጥ ያገኙትን የአባታቸውን የድሮ ድምፅ ቅጂ አምጥተው ከቅሪቱ ጋር መጨመራቸው ነው። ትርንጎ ወደ ማሽኑ ዞሩ።

«ቃሉ የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው?»

«የእልፍነሽ ነው። መሥሪያ ቤቴ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበረች። እሷ ጻፈችልኝ፤ እኔ ቤቴ እየደጋገምኩ አጠናሁት። በማግስቱ ሕዝብ ፊት ተናገርኩት።»

«እናትሽ ማን ትባላለች?» አሉ ትርንጎ ልጅቷን ሳያዩ።

«እልፍነሽ።»

«አሃ! ታውቂ ነበራ!»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። በዚያ ግድግዳ ባለፍን ቁጥር እማዬን ሳል ይይዛታል።»

«ታዲያ ለምን በእሳቸው ስም ጠቀስሽ?»

«በእማዬ ስም ብጠቅስ ማን ዋስ ይሆነኛል? እናንተ የምትቀበሉት የሞተ ሰው ነው። እማዬ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

መልሷ ጥሩ ነበር። ትርንጎ ጥሩ መልስ ይፈራሉ። እናትና ልጅ ተመካክረው ቢሆንስ? ከኢንጂነሩ ልጆች ጋር ተስማምተው ቢሆንስ? ማሽኑ ላይ የተጨመረው ድምፅ እውነተኛ መሆኑን ማን አየ? «እናትሽን ጥሪልኝ» አሏት።

እልፍነሽ ከገበያ በቀጥታ መጣች፤ ቲማቲም የያዘ ፌስታል በእጇ ነበር። ገና ሳትቀመጥ፣ «እልፍነሽ ነኝ» ስትል ድምፁ ሰላምታ ሰጣት።

«እልፍነሽ፣ እንደምን ነሽ? ያኔ ስምሽን መጥራት ነበረብኝ።»

«ያኔማ ምነው ዝም አሉ?» አለች።

«ያኔ የሚያጨበጭብልኝ ሰው ነበራ።»

እልፍነሽ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ልጇን አየቻት፤ ትርንጎንም አየቻቸው።

«ይሄ እሳቸው አይደሉም» አለች። «ኢንጂነር ዘርይሁን ጥፋት አምነው አያውቁም። አንድ ጊዜ በመኪናቸው የሰው አጥር ገጭተው፣ አጥሩን ነው የከሰሱት። ይሄ ማሽን ከእሳቸው የተሻለ ሰው ነው። ታዲያ እንዴት ብሎ ስለ እሳቸው ይናገራል? ቃሉ የእሳቸው ነው ብለው ይጻፉ።»

«አንቺ አልጻፍሽውም?»

«አልጻፍኩትም።»

«እማዬ!» አለች ምንታምር።

«ዝም በይ አንቺ!»

ትርንጎ የማሽኑን፣ የእናትየዋንና የልጅቷን ቃል መዘኑ። ማሽኑ ሰውየውን ካልሆነ ክህደቱ ይወድቃል፤ ልጅቷም ታልፋለች። እናትየዋ ይህን ሳታሰላ አልተናገረችም። ወይ ለልጇ ስትል የገዛ ቃሏን እየጣለች ነው፤ ወይ ደግሞ እውነቷን ነው፣ ውሸታሟ ልጅቷ ናት። ከፌስታሉ ሥር ቀይ ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አዩ። እልፍነሽ ሳታውቀው ጨምቃዋለች። ይህም ቢሆን ምንም አያረጋግጥም፤ ውሸታምም እውነተኛም ሲጨንቀው ይጨምቃል።

ምንታምር ማመልከቻዋ ወደሚታይበት ሰሌዳ እጇን ሰደደች። የኢንጂነሩን ስም አጠፋችና «እናቴ» ብላ ጻፈችበት።

«እንዲህ ከሆነ ይወድቃል» አሏት ትርንጎ።

«ይውደቅ።»

እናቷ ጭንቅላቷን ያዘች። የመዝገቡ ማሽን፣ ይኼኛው የማንም ድምፅ የሌለው፣ ወዲያው ተናገረ፦ «ለዚህ ጥቅስ ዋስ አልተገኘም። ማመልከቻው ይዘጋ?»

ሕጉ መርማሪ ሥራውን አስይዞ ዋስ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ትርንጎ ግን አድርገውት አያውቁም። «አይዘጋ። ዋሷ እኔ ነኝ።»

«ቃሉን ማን እንደተናገረው አረጋግጠዋል?»

«አላረጋገጥኩም።»

«ሲነገር ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ከሥራዎ ይሰናበታሉ። ታዲያ ለየትኛው ቃል ነው ዋስ የሚሆኑት?»

«ለቃሉ አይደለም። ለልጅቷ ነው።»

«ላላዩት ነገር እንዴት ዋስ ይሆናሉ?» አለ ማሽኑ።

«ያየማ ምስክር ነው» አሉ ትርንጎ።

አውራ ጣታቸውንም ሰሌዳው ላይ አሳረፉ፤ እናትየዋንም ልጅቷንም ግን አሁንም አላመኗቸውም ነበር።