ቢጫው ባልዲ

አናጺው የተገኘው ገና ባልተቀባ በር ሥር ተደፍቶ ነው። አጠገቡ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሰማያዊ አንድ ቢጫ፣ የኒም ቅጠል ውሃ አለ፤ እንጨት ሲቀቡት ምስጥ የሚያባርር። ሐኪሙ አፉን አሽትቶ «መርዝ ነው» ብሏል። ቅጠሉን ዘፍዝፈው የሚያመጡትን ጎረቤት ሊወስድ የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆሟል።

«እኔው ነኝ የገደልኩት!» አሉ ጎረቤቲቱ ደረታቸውን እየደቁ። «በገዛ እጄ ያመጣሁት ቅጠል!»

«ኧረ ተዉ እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሚስት። «በባዶ ሆዱ ለቀቅኩት።»

መርማሪዋ ዞር አለች። «ይጠጣው ነበር እንዴ?»

«ይቀምሰዋል እንጂ። ጠዋት ጠዋት አንድ ፉት ይላል፤ ካልመረረው አይቀባውም።»

«አንተስ?» አለችው አብሮት የሚሠራውን የሟቹን ታናሽ ወንድም።

«ልቡ ደካማ ነበር» አለ ወለል ወለሉን እያየ።

መርማሪዋ ችኮላ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ተንበርክካ በሮቹን አንድ በአንድ አየች። ትናንት በተቀባው ሥር የሞተ ምስጥ ተከምሯል፤ ቀደም ብለው በተቀቡት ሥር አንድም የለም። ባልዲዎቹን ይዛ ወጣች፤ ከሰዓት መልሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸውና ሁሉንም ጠራች።

«እትዬ፣ ሥራዎን ያምኑታል?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ይቅመሱልኝ።»

አሮጊቷ ከሰማያዊው በኩባያ ቀድተው ፉት አሉ፤ ፊታቸው ጭምድድ አለ። የተነፈሰ የለም። ከቢጫው ቀድተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ግን ወንድምየው ዘሎ ኩባያውን ከእጃቸው መታው።

«እሱን አይንኩት!»



«አይዞህ፣ ሁለቱንም አጥቤ ንጹሕ ቅጠል ነው የሞላሁባቸው» አለች መርማሪዋ። «ኒም ምስጥን እንጨቱን ያስጠላዋል እንጂ ባንድ ቀን አይረፈርፈውም። ትናንት የተቀባው ላይ ግን መርዝ ተጨምሯል። እትዬ ጨምረውት ቢሆን ደፍረው ባልቀመሱ። የትኛው ባልዲ እንደሆነ የሚያውቀው የጨመረው ብቻ ነው። አንተ ለሰማያዊው ዝም ብለህ ለቢጫው ጮህክ።»

ወንድምየው ወደ ሚስትየው ዞረ። «ልገድለው አልነበረም! የሠራነው በር ተበልቶ ሲመለስብን አፈርኩ። መርዝ እንቀላቅል ስለው በጄ አላለም፤ ተኮራረፍን። ትናንት ጠዋት ከቀመሰው በኋላ ተደብቄ ጨመርኩ።»

«እንደሚቀምሰው እያወቅክ?» አለች ሚስት። «ምነው አትነግረውም ነበር?»

«ልነግረው ነበር…» አለ ወንድምየው። «ጠዋት ኩባያውን ሲያነሳ እዚሁ ቆሜ እያየሁት ነበር።»

«እና ለጎረቤት የጮህከውን ያህል ለወንድምህ ምነው አልጮህክም?» አለች ሚስት።

«ቀድሞ እንዲያናግረኝ እየጠበቅኩ ነበር» አለ።