የአራት ሰዓት ከሃያው መልእክት

«ገመዱን ለቀቅከው። ሌላ የሚወራ ነገር የለም።»

«አለቀቅኩም አልኩህ እኮ። ፓምፑ በራሱ ተነሳ።»

«በራሱ? ጂን አለበት እንዴ?»

ኢንስፔክተር መሕቡባ ከእንሴኖ ወጣ ብሎ ወዳለው የበርበሬ ማሳ ስትደርስ ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል። የሚጨቃጨቁት በፓምፕ ጠጋኙ በገብረወልድ ሬሳ ላይ ነበር። ከውሃ ጉድጓዱ አውጥተው ሣር ላይ አጋድመውታል፤ ልብሱ ገና ያንጠባጥባል። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ የቆመው ሳላሀዲን ነው፤ ቡታጅራ ቢሮው ተቀምጦ የሶላር ፓምፕ ጠጋኞችን የሚመራ ሥራ አስኪያጅ። እጁ ላይ ካቴና የገባበት ደግሞ ከማሉ ነው፤ ገብረወልድን በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓዱ ያወረደው የሥራ ባልደረባው።

ሳላሀዲን ስልኩን ዘረጋላት። «ይዩት፣ ኢንስፔክተር። አራት ሰዓት ከሃያ፣ ከራሱ ከሟቹ ስልክ፤ “ኬብሉን ጨርሼ ወጥቻለሁ” ይላል። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከዚያ በፊት ፓምፑ ተነስቶ ገደለው ይላል። የሞተ ሰው ሪፖርት ይልካል?»

«ወጥቶ ከነበረ ምን ሊያደርግ ተመለሰ?»

«መፍቻ ረስቶ ይሆናላ። ያኔ ነው የለቀቀው።»

ከማሉ ሦስት ልጆች እንዳሉት ብቻ አጠገቡ ለቆመው ፖሊስ ደጋግሞ ይነግረዋል፤ ፖሊሱም ሰምቻለሁ ይለዋል።

መሕቡባ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የቀኝ መዳፉ ላይ የጠቆረ፣ ጠባብ የቃጠሎ መስመር አለ። በተቆለፈው የደረት ኪሱ ውስጥ አንድ አነስተኛ ቁልፍ አገኘች። ስልክ ግን የለም።

«ቁልፉ የምንድን ነው?»

«የፓምፑ ሳጥን» አለ ከማሉ። «ጉድጓድ የሚገባ ሰው ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ይወርዳል። ጋሼ ገብሬ ያለዚያ አይገባም።»

«ለምን ዋናውን ማብሪያ አታጠፉትም?»

«ከጠፋ ቢሮ ያለው ስክሪን ይጨልማል። ተከልክለናል። ፓምፑን ብቻ አቁመን እንቆልፋለን።»

ሳጥኑን አየችው፤ ተቆልፏል። ጩኸት ሰምተው የሮጡት የማሳው ባለቤት አቶ ገሠሠ ስንት ሰዓት እንደነበር አያውቁም። መንገድ ዳር ካለው ግራር ሥር የተቀመጠችው የመረጃ ሠራተኛዋ ሆሳዕና ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ግሩፑ ላይ አለ» ትላለች፤ ሠራተኞቹ በስልክ ሪፖርት የሚልኩበትን ማለቷ ነው። የት ነበርሽ? ግሩፑ ላይ አለ። ገብረወልድን መቼ አየሽው? ግሩፑ ላይ አለ። መሕቡባ በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ምስክር ገጥሟት አያውቅም፤ ሁሉ ነገር ተጽፏል፣ ያየ ሰው ግን የለም። የሟቹን ስልክ ስትጠይቃት ልጅቷ ከቦርሳዋ አወጣች። ደረቅ ነው፤ ጭቃ የሚባል አልነካውም። ሊመለስ ሲል ሰጥቶኝ ነው አለች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ቡታጅራ ቢሮው ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ሚስት ውድነሽም መጥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግድግዳ ተደግፋለች።

ሳላሀዲን ስክሪኑን ሲያሳይ ሐዘኑን ትንሽ የረሳ መሰለ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስልኩ ባለበት የሚታይ አንድ ነጥብ ነው፤ የሚሠራ ፓምፕ አረንጓዴ፣ የቆመ ቀይ። ድሮ ማን ሠራ ማን ተኛ ብሎ በሞተር ሳይክል ሲንከራተት ይውል እንደነበር፣ ዛሬ ግን አሥራ አንድ ጉድጓድ ከአንድ ወንበር እንደሚቆጣጠር ነገራት።

«ማስነሳትስ ከዚህ ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ወጥቻለሁ የሚል መልእክት ሳይመጣ አልነካም።»

ጠረጴዛው ላይ የተጋመሱ አራት የውሃ ጠርሙሶች ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለድርሻዎች ጠዋት ሥርዓቱን ሊያዩ መጥተው እንደነበር ሳላሀዲን ስትጠይቀው አመነ። መሕቡባ የእንሴኖውን ፓምፕ መዝገብ እንዲከፍት አዘዘችው። ዛሬ የሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ከአራት ሰዓት ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት፤ ከዚያ መብራት አፍስሷል ብሎ በራሱ ቆሟል።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «መዳፉን ያቃጠለው መብራት ነው። የያዘው ኬብል መብራት ያገኘው ፓምፑ በሠራባት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ገብረወልድ የሞተው ያኔ ነው። ገመድ የለቀቀ ሰው የለም።»

«ታዲያ ሳጥኑን ከማሉ ከፍቶ…»

«ሳጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ በሟቹ ኪስ ሆኖ ውሃ ውስጥ ነበር። ያስነሳው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እንግዶችህ ፊት አንዱ ፓምፕ ቀይ ሆኖብህ ነበር።»

ሳላሀዲን ወደ ስክሪኑ ዞረ። «የገብረወልድ ነጥብ ግራሩ ሥር ነበር፣ ኢንስፔክተር። ከጉድጓዱ ርቋል። ወጥቷል ብዬ ነው። ወላሂ፣ ማንም ሰው እንደዚያ ያስባል።»

ለአፍታ ያሸነፈ መስሎ ነበር። መሕቡባ ግን ፊቷን ወደ ሆሳዕና አዞረች።

«ልጄ፣ አሁን ግሩፑን ተይና አንቺ ንገሪኝ።»

ሆሳዕና ተናገረች። በየአሥር ደቂቃው ከቢሮ ለሚላክ ጥያቄ ላልመለሰ ሰው የቀኑ ደመወዝ ይሰረዛል፤ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ በሁለት እጅ ተሠርቶ ስልክ አይመለስም። ስለዚህ በየተራ አንድ ሰው የሁሉንም ስልክ ይይዝና ስለ ሁሉም ይመልሳል። ዛሬ ተራው የእሷ ነበር፤ የከማሉም ስልክ እሷ ጋ ነበር፤ ደውሎ ሊያስቆም አይችልም ነበር።

«ስልክሽ ላይ አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ጥሪ አለ፤ የደወለልሽ ማን ነው?»

«እሳቸው። የገብረወልድ ሪፖርት ቀርቷልና ላኪው አሉኝ። መሞቱን አላወቅኩም።»

«ለሷ ደውለህ የሱን መልእክት አስላክህ» አለች መሕቡባ ለሳላሀዲን። «ስልኩ ማን ጋ እንዳለ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ነጥቡ ሰውየው እንዳልሆነም ታውቅ ነበር። ያስነሳኸው በችኮላ ነው እንበል። ፓምፑ መብራት አፍስሶ ሲቆም ግን ምን እንደደረሰ ገብቶህ፣ ቁጭ ብለህ ጥፋቱን ለከማሉ ሰፋህለት።»

«ሁሉም ያውቅ ነበር» አለ ሳላሀዲን። «አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

 ውድነሽ ከግድግዳው ተነስታ ስክሪኑን እስክትነካው ተጠጋች፤ ከነጥቦቹ የባሏ የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ሆሳዕና ልታሳያት ጣቷን አነሳችና አለቀሰች። ፖሊሱ ካቴናውን ከከማሉ እጅ ፈትቶ ለሳላሀዲን አስገባ፤ የቢሮው ሰው ሁሉ በመስኮት ተደርድሮ ሥራ አስኪያጁ ወደ መኪናው ሲወሰድ ያያል።

ከማሉ የእጁን አንጓ እያሸ በጓሮ በኩል ወጣ። መናኸሪያው ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ልጆቹ ወዳሉበት ወደ እንሴኖ በሚጭን ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እስኪሞላ ጠበቀ። ሞላ፤ ሄደ።