መሐል መስተዋቱ

ደባልቄ ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነበር። አይጦቹን ከካርቶን ያወጣል፤ በጅራታቸው አንጠልጥሎ ለእባቦቹ ይሰጣል፤ የረጠበውን ሰጋቱራ ይቀይራል፤ ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ይቆልፋል። የበላ እባብ ሁለት ቀን አይነካም፤ ከተነካ የዋጠውን ያስመልሰዋል። ደንቡን ያወጡት የቤቱ ባለቤት ዶክተር ሐመልማል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት። ደባልቄ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደንባቸውን አክብሯል። እሳቸው ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር "ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው" ሳይሉ ቀርተው አያውቁም።

እባቦቹ ሁለት ናቸው፤ ከባሕር ማዶ የመጡ፣ መርዝ የሌላቸው፣ ሆዳቸው እንደ በቆሎ ፍሬ ስለተዥጎረጎረ የበቆሎ እባብ የሚባሉ። ድሮ በየክፍላቸው ነበሩ። ሰኔ ላይ ዶክተር ሐመልማል ጫንያለው የሚባል ባለዲፕሎማ ቀጠሩና፣ በእሱ ምክር ሁለቱን አንድ ረጅም ሣጥን ውስጥ አደረጓቸው፤ መሐላቸው አንድ ተንሸራታች መስተዋት ብቻ። ጫንያለውንም ደባልቄ ካለበት ሰርቪስ አጎራበቱት፤ መሐላቸው ስስ ኮምፔርሳቶ ብቻ።

"እስከ መስከረም ልያችሁ" አሉ በለሆሳስ። "ከዚያ አንዳችሁ ትበቁኛላችሁ።"

ደባልቄ ሌላ መግቢያ አልነበረውም።

መጀመሪያ ትልቁ እባብ አይጥ እምቢ አለ። ቀጥሎ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ማሸት ጀመረ። ደመናው ቀኑን ባጨለመበት፣ የእርጥብ ሰጋቱራና የአይጥ ሽንት ሽታ በታፈነበት ክፍል ውስጥ፣ ጠዋት የጀመረው ሸረር ሸረር የሚል ድምፅ እስከ ምሽት አያቋርጥም፤ መስተዋቱም ላይ ቀጭን የደም መስመር ታየ።

"ጭንቀት ነው" አለ ጫንያለው። "ሽታ ለሽታ ተገናኝተው ነው። ይለምዱታል።"

ደባልቄ ጭንቀት እንዳልሆነ ያውቃል። የፈራ እባብ ራሱን ይደብቃል፤ ይሄኛው ከጎረቤቱ ዓይኑን አልነቀለም። ማራቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ያልተማረን ማን ጠየቀው?

"ጋሼ ደባልቄ፣ ከሳህ እኮ" አለው ጫንያለው እየሳቀ። "እባብ እንኳ ቆዳውን ይቀይራል፤ አንተ ያንን ካፖርት መቼ ነው የምታወልቀው?"

እውነትም ከስቷል። ምግብ አስጠልቶታል፤ ሽሮው ገለባ ገለባ ይለዋል። ዝናብ በያዘው ከሰዓት ሁሉ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ጫንያለው ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ሲተነፍስ፣ ሲገላበጥ፣ ጣቱን ሲያንቋቋ ያዳምጣል። የጫንያለው ሳሙና ሽታ በስንጥቁ ሲገባ አፉ ምራቅ ይሞላል። አንድ ቀን ግንባሩን ሲዳስስ ተልጦ አገኘው፤ ኮምፔርሳቶውም ላይ በግንባሩ ልክ የለሰለሰ፣ የወዛ ቦታ ነበር።

ትልቁ እባብ አይጥ እምቢ ካለ በሦስተኛው ሐሙስ ደባልቄ መሐል መስተዋቱን ሳበው። ጥፋቱ በባለዲፕሎማው ይላከካል ብሎ ነው። ትንሹ እባብ አልሸሸም፤ ምላሱን ብቻ አወጣ። ትልቁ ከጭንቅላቱ ጀመረ፣ ሳይቸኩል። ደባልቄ የጅራቱ ጫፍ እስኪጠፋ ቆሞ አየ፤ እሱም ዋጥ አደረገ፣ ባዶውን።

ዶክተር ሐመልማል አልተቆጡም። ያበጠውን እባብ ትክ ብለው አይተው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ቀና አሉ።

"አንተስ ካልበላህ ስንት ቀንህ ነው?"

"ሃያ ሁለት፣ ዶክተር።" እንደቆጠረ ራሱም አያውቅም ነበር።

"ሂድ፣ ጋደም በል።"

ክፍሉ ሲገባ ኮምፔርሳቶው የለም። ብሎኖቹ መስኮቱ ጠርዝ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ወዲያ ማዶ ጫንያለው ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

"ጋሼ ደባልቄ፣ አንተ ነህ?" አለ ሳይዞር።

ደባልቄ በጭንቅላቱ በኩል ጠጋ አለ፣ ሳይቸኩል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ።

ሲያባራ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ነበር። መንጋጋው ያመዋል፤ ካፖርቱ አልቆለፍ ብሎታል፤ በሃያ ሁለት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቧል። በሩ ሲከፈት ሊነሳ ሞከረ።

"ተው፣ አትነሳ" አሉት ዶክተር ሐመልማል በዚያ በለሆሳስ ድምፃቸው፤ ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ጻፉ፣ መብራቱን አጠፉ፣ ለሁለት ቀንም ቆለፉበት።