የከሸፈችው ጥይት

አስረስ ሐሙስ ምሽት ዙሪክ አጠገብ ባለችው አድሊስቪል፣ በአንድ መኪና ማቆሚያ ምድር ቤት፣ ደረቱን በጩቤ ተወግቶ ተገኘ። ሽጉጡ ከእጁ አልወጣም። ቃታው ተስቧል፤ መርፌውም የጥይቷን ቂጥ መትቶታል። ጥይቷ ግን ከሽፋለች።

ሟቹ ውድ ሰዓቶችን ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ የሚያደርስ ጠባቂ ነበር። መርማሪዋ የወይንሐረግ ነገሩ ከነከናት።

«ጥይቱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ» አለ አስረስ የሚለማመድበት የተኩስ ክበብ ባለቤት ኤሊ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «የፋብሪካ ነው፣ ኦሪጂናል! አዲስ ካርቶን ሲገዛ ግማሹን እዚህ ተኩሶ ካልሞከረ አይታጠቀውም። አንድም ከሽፎ አያውቅም።»

የሟቹ ባልደረባና ሹፌር ሱራፌል ግን ትከሻውን ሰበቀ። «ፋብሪካም ይሳሳታል። ዕድሉ ነው።»

መርማሪዋ ጄኔቭ አጠገብ ወዳለችው ቨርሷ ሄዳ የሟቹን ባለቤት ዲቦራን አነጋገረች።

«ማታ የተቀባበለችውን ጥይት ከሽጉጡ ያወጣል፤ ጠዋት መልሶ ያቀባብላል» አለች ዲቦራ፣ ድምጿ በለቅሶ ሰልሎ።

«ያችኑ ጥይት?»

«ያችኑ። እሑድ ክበቡ ሄዶ ይተኩሳትና ሌላ ይተካል። ስትመላለስ ትጎዳለች ይል ነበር።»

በማግስቱ ሦስቱንም ክበቡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በሽጉጡ የጥይት ካርታ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ተኩሰናቸዋል፤ ሁሉም ጮኸዋል። የከሸፈችውን ላቦራቶሪ ከፍቶ አያት። ሆን ተብሎ ተበላሽታለች። ፋብሪካው ነጻ ነው፤ ኤሊም አስረስ የትኛዋን እንደሚያቀባብል ማወቅ ስለማይችል ነጻ ነው።»

ኤሊ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሽጉጡ በተቀባበለ ቁጥር የቀለሁን ጠርዝ ይቧጭረዋል» ብላ ቀጠለች። «ከእሑድ ጀምሮ የተመላለሰች ጥይት ብዙ ጭረት ይኖራታል። ይህቺ ያላት አንድ ብቻ ነው። ተቀይራለች ማለት ነው።»

«ታዲያ ማታ ቤቱ ይሆናላ» አለ ሱራፌል ወደ ዲቦራ እያየ። ዲቦራ ክው አለች።

«እኔም መጀመሪያ ጠርጥሬ ነበር። ነገር ግን ጠዋት ቤቱ አቀባበለ። ጄኔቭ ሰዓቶቹን ሊረከብ ሲገባ መሣሪያ ስለማያስገቡ ጥይቷን አውጥቶ ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ተወው፤ ሲመለስ እንደገና አቀባበለ። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሱራፌል። ማታ ተቀይራ ቢሆን ሁለት ጭረት ይኖራት ነበር። አንድ ከሆነ የተቀየረችው እሱ ሰዓቶቹን ሊረከብ ገብቶ ሳለ ነው። ሽጉጡ በማን እጅ ነበር?»

 ላብ በሱራፌል ግንባር ላይ ችፍ አለ።

«ከሌቦች ጋር መነጋገሬን ደረሰበት» አለ በመጨረሻ። «እስከ ዓርብ ራስህ ለፖሊስ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለኝ።»

«ቀን ሰጥቶህ ነበር?» አለች ዲቦራ።

«አዎ።»

«ሲሞት አንተ መሆንህን አይቷል?»

ሱራፌል ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ስሜን ጠራ» አለ። «ስሜን ጠርቶ ነው ቃታውን የሳበው።»

ዲቦራ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።